የተደመጠችው ልጅ እና ያልተሰማው ሐኪም

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ትንሽ ፈቀቅ እንበልና ስለ ሌላ ጉዳይ እናውጋ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን ከሜሪላንድ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ ነው የማካፍላችሁ። እንዲህ ትላለች፦

«የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ በሳምንት አንድ ቀን መሄድ ከጀመርኩ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ባለቤቴ ‹ለማውራት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ብር የምትከፍዪው? እኔ በነጻ አዳምጥሽ የለ!› ይለኛል። እናቴ ደግሞ በስልክ ‹እስካሁን ካልተሻለሽ ሰውየው አያውቅበትም ማለት ነው› ትላለች። እኔም ግራ ገባኝ። አንዳንድ ሳምንት እየተለወጥኩ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ያው ነኝ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታሪክ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝና የሰጠኋት መልስ የታሪክ መልስ ነው። እህቴ፣ ከምትኖሪበት በመኪና ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ሮክቪል ውስጥ፣ ያንቺኑ ጥያቄ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲፈትን የኖረ አንድ ቤት ነበረ። ረጅም ጊዜ የሚወስድ የንግግር ሕክምና ሰውን ምን ያህል ሊያነሣ እንደሚችል ያሳየው ያ ቤት ነው። ያው ሕክምና ሰውን እንዴት ሊጥል እንደሚችል ያሳየውም ያው ቤት ነው። የሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ ካላየን ለጥያቄሽ መልስ አናገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ቤቱ

ሮክቪል ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ መቀመጫ ናት። በ1880ዎቹ መጨረሻ እዚያ አንድ ትልቅ የጡብ ሆቴል ተሠራ። የዋሽንግተንን የበጋ ሙቀት የሚሸሹ ባለጸጎች ያርፉበት ነበር። ሆቴሉ አልዘለቀም፤ ከሰረ። ኧርነስት ቡላርድ የተባለ ሐኪም ገዛውና በ1910 የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ አድርጎ ከፈተው። በግቢው ከነበሩት የቼስትነት ዛፎች ተነሥቶም ቼስትነት ሎጅ ብሎ ሰየመው። አባት ሲሞት በ1931 ቤቱን የተረከበው ልጁ ዴክስተር ቡላርድ ነው። በዚያው ግቢ ያደገ ሰው ነበር።

በዚያ ዘመን ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ዕጣ ምን ነበር? በሺህ የሚቆጠር ሕመምተኛ የታጨቀበት የመንግሥት ሆስፒታል ይገባል። ቀጥሎ በኢንሱሊን ራሱን እንዲስት ይደረጋል፤ ወይም በኤሌክትሪክ ይንቀጠቀጣል። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የአንጎል ክፍል በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ተጀመረ። ይህን ቀዶ ሕክምና የጀመረው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ስለዚህ ያ ሁሉ በድብቅ የሚሠራ ግፍ አልነበረም፤ የዘመኑ ሳይንስ የተቀበለው ሕክምና ነበር።

የንግግር ሕክምና ደግሞ ያን ጊዜ ገና ሃምሳ ዓመት ያህል ዕድሜው ነበር። ስሙን ያወጣችለት ሐኪም ሳትሆን ሕመምተኛ ናት። በርታ ፓፐንሃይም የተባለች የቪየና ወጣት በ1880 አባቷን ስታስታምም እሷም ታመመች። እጅና እግሯ ይሰንፋል፤ የገዛ ቋንቋዋ ይጠፋባትና በእንግሊዝኛ ብቻ ትናገራለች። ዮሴፍ ብሮየር የተባለው ሐኪሟ እየመጣ ያዳምጣት ነበር፤ የተጫናትን ስታወራው ለጊዜው ቀለል ይላታል። ይህን ነው «የንግግር ፈውስ» ያለችው። ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 ታሪኳን ሲያሳትሙ እንደዳነች አድርገው ጻፉ። እውነቱ ግን ሕክምናው በ1882 ሲቆም አልዳነችም ነበር፤ ሌላ ተቋም ገብታ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ተሽሏት፣ በ1904 የጀርመን አይሁድ ሴቶችን ማኅበር የመሠረተች ትልቅ ሰው ሆነች።

ይህን ልብ በሉልኝ። የዚህ ሕክምና የመጀመሪያው ታሪክ ራሱ «ዳነች» ለማለት የተቸኮለበት ታሪክ ነው።

ፍሮይድ በበኩሉ ዘዴው ከእውነታ ጋር ግንኙነታቸው ለተቋረጠ ሰዎች አይሆንም ብሎ ያምን ነበር። ዴክስተር ቡላርድ ግን በቼስትነት ሎጅ ይህንኑ መሞከር ፈለገ። ለዚህ የምትሆነውን ሰው ያመጣለት የሂትለር ስደት ነው።

፪. ፍሪዳ

ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን በ1889 ካርልስሩኸ፣ ጀርመን፣ ሃይማኖቱን አጥብቆ ከያዘ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ሴት ሐኪም ብርቅ በነበረበት ዘመን ሕክምና ተማረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ታክም ነበር። አንዳንዶቹ ቃል ጠፍቶባቸዋል፤ ግን ሊሉ የሚፈልጉት ነገር አለ። መናገር ያቃተው ሰው የሚናገረው የለውም ማለት እንዳልሆነ ከዚያ የተማረች ይመስላል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በዚህ እምነት ነው።

በኋላ ሄይድልበርግ ውስጥ የራሷን መታከሚያ ከፈተች። በመጽሐፎቹ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ኤሪክ ፍሮምንም አገባች፤ ትዳሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ስትራስቡርግ ሸሸች፣ ከዚያ ወደ ፍልስጥኤም፣ በ1935 ወደ አሜሪካ። ቼስትነት ሎጅ የተቀጠረችው ለሁለት ወር ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ቆየች። ግቢው ውስጥ ትንሽ ቤት ተሠራላት፤ በ1957 የሞተችውም እዚያችው ቤት ውስጥ ነው።

ዘዴዋ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። አንድ ሐኪም፣ አንድ ሕመምተኛ፣ በሳምንት አራትና አምስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል፣ ለዓመታት። ሕመምተኛው ዝም ቢል ሐኪሟ አብራው ትቀመጣለች። ቢሳደብ ትሰማዋለች። ያልገባትን ነገር «አልገባኝም» ትላለች፤ የገባት መስላ አትነቀንቅም። ስትሳሳት ስሕተቷን ታምናለች። ሕመምተኛ የሚድነው ስለ ራሱ በሚነገረው ማብራሪያ ሳይሆን ከሌላ ሰው ጋር በሚኖረው አዲስ ልምድ ነው የሚል እምነት ነበራት። ይህንን ትምህርቷን በ1950 በመጽሐፍ አሳተመችው፤ ለብዙ ዓመታትም የሙያው ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል።

፫. የተደመጠችው ልጅ

በ1948 ከኒው ዮርክ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ወደ ሎጁ መጣች። ጆአን ግሪንበርግ ትባላለች። የራሷ አማልክት፣ የራሷ ሕግ፣ የራሷ ቋንቋ ያለው ሌላ ዓለም በውስጧ ፈጥራ እዚያ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። የተሰጣት የሕመም ስም ስኪዞፍሬኒያ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ቆየች፤ ከወጣች በኋላም እየተመላለሰች መታከሟን ቀጠለች። የሚረዳ መድኃኒት ገና አልተፈለሰፈም ነበር። የነበራት ፍሪዳ ብቻ ናት።

ሦስት ዓመት ለምን አስፈለገ? ግሪንበርግ በ1964 በብዕር ስም ካሳተመችው ልብ ወለድ መልሱ ይገኛል። የመጽሐፉ ርእስ ወደ እኛ ሲመለስ «የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ከቶ ቃል አልገባሁልሽም» እንደ ማለት ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ዲቦራ በሕፃንነቷ ዕጢ ወጥቶባት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ሐኪሞቹ «ምንም አያምሽም» ብለው ዋሿት፤ በጣም አመማት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ደግ ቃል ሲናገር ለዚህች ልጅ የሚሰማት ተስፋ አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለች ልጅ በስምንት ሳምንት ምን ይደረግላታል? ምክር ቢሰጣት አትቀበለውም፤ መካሪውን አታምነውማ። መጀመሪያ ሐኪሟን መፈተን አለባት። ትዋሻለች ወይ? ስሰድባት ትሸሻለች ወይ? ለእረፍት ሄዳ ትመለሳለች ወይ? ያስፈራኋት ቀን ማግስት በሰዓቷ ትመጣለች ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በቃል አይመለሱም። የሚመለሱት በቀን ብዛት ነው። ሐኪሟ መቶ ጊዜ በሰዓቷ ስትገኝ፣ መቶ ጊዜ እውነቱን ስትነግራት፣ ልጅቱ በመቶ አንደኛው ቀን አንድ ነገር ትናገራለች። ረጅም የንግግር ሕክምና ጊዜ የሚፈጀው ወሬው ስለሚበዛ አይደለም። የተሰበረው እምነት ከሆነ፣ እምነት በችኮላ ስለማይጠገን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የርእሱም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሐኪሟ ለዲቦራ ከሆስፒታል ስትወጪ ፍትሕ የሰፈነበት፣ የተመቸ ዓለም ይጠብቅሻል አላለቻትም። የምሰጥሽ ድጋፍ ከዓለም ጋር ራስሽ እንድትታገዪ ነው ያለቻት።

ግሪንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ጨረሰች፣ አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ ብዙ መጽሐፍ ጻፈች፣ ኮሎራዶ ውስጥ አስተማሪ ሆነች። ልብ ወለዱ በ1977 ፊልም ሆኗል። በኋላ የተነሡ ሐኪሞች «መጀመሪያውኑ ስኪዞፍሬኒያ አልነበረባትም» ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የስሙን ነገር ለእነሱ እንተወው። በ16 ዓመቷ ከዓለም የጠፋችው ልጅ ግን ተመልሳለች።

፬. ያልተሰማው ሐኪም

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ያለ ደስ የሚል ጽሑፍ ይሆን ነበር! ግን አያልቅም።

ግሪንበርግ በገባችበት በዚያው በ1948 ፍሪዳ ባሳተመችው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል ነበረ፤ «ስኪዞፍሬኒያ አምጪ እናት» የሚል። ቃሉ ተስፋፋ። ቀዝቃዛ፣ ተቆጣጣሪ እናት ልጇን ታሳብዳለች የሚል ትምህርት ሆነ። ልጃቸው የታመመባቸው እናቶች ሐኪም ፊት ቀርበው «ያሳመምሽው አንቺ ነሽ» የሚል ፍርድ ይዘው ይመለሱ ጀመር። በኋላ የተደረገው ምርምር ይህን አልደገፈም፤ የሕመሙ መነሻ ውስጥ ዘርና የአንጎል አሠራር ትልቅ ቦታ እንዳላቸው ታወቀ። ያለቀሱት እናቶች ግን አልቅሰዋል። ሕመምተኛን ለመስማት ያን ያህል የታገሠች ሴት የእናቶችን ወገን አልሰማችም።

በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕመም መዋል ጀመረ፤ በ1954 አሜሪካ ገባ። ብዙ ሆስፒታሎች ተለወጡ። ቼስትነት ሎጅ ግን በቀድሞው መንገድ መመኩን ቀጠለ። በ1984 የቤቱ ባልደረባ የነበረው ቶማስ መግላሻን ከ1950 እስከ 1975 ታክመው የወጡትን ከአራት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ተከታትሎ ውጤቱን አሳተመ። በአማካይ አሥራ አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ስኪዞፍሬኒያ ከነበረባቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ያህሉ ኑሯቸው የተጎሳቆለ ወይም በቋሚነት የታመሙ ሆነው ተገኙ። ግሪንበርግ አንዷ ነበረች እንጂ ሁሉም አልነበሩም። እዚህ ላይ አንድ ክብር መስጠት ይገባል፤ ጥናቱን ያደረገው የዚያው ቤት ሰው ነው፣ የቤቱን ጉድለት አልደበቀም።

ቤቱን ለፍርድ ያቀረበው ግን ራፋኤል ኦሼሮፍ ነው። ኦሼሮፍ የኩላሊት ሐኪም ነበር። በሰሜን ቨርጂኒያ የዲያሊሲስ ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት ነበረው፤ ሥራው የሰመረለት ሰው ነበር። በ41 ዓመቱ፣ በጥር 1979፣ ከባድ ድብርት ይዞት ቼስትነት ሎጅ ገባ። ሐኪሞቹ «ሥሩ ድብርቱ አይደለም፤ ጠባዩ ነው፣ ራሱን ከመጠን በላይ የማግዘፍ የሰብእና ችግር አለበት» አሉ። ስለዚህ መድኃኒት አልተሰጠውም። በሳምንት አራት ቀን የንግግር ሕክምና ታዘዘለት።

ሰውየው እየባሰበት ሄደ። እንቅልፍ አጣ። 18 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ኮሪደሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ከማለቱ የተነሣ እግሩ ቆስሎ መታከም አስፈለገው። ቤተሰቡ ሲጨነቅ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ጉዳዩን አዩትና በያዙት መንገድ ለመቀጠል ወሰኑ። ሰባት ወር አለፈ። በመጨረሻ ቤተሰቡ ኮነቲከት ወደሚገኝ ሲልቨር ሂል ወደተባለ ሆስፒታል አዛወረው። እዚያ መድኃኒት ተጀመረለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ታየ፤ በሦስት ወር ከሆስፒታል ወጣ።

ሲወጣ ግን የተወው ሕይወት አልጠበቀውም። ሥራው ተበትኗል፤ ከልጆቹ ተለያይቷል። በ1982 ሎጁን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1987 በስምምነት ተዘጋ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። በ1990 ጄራልድ ክለርማንና አለን ስቶን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ስመ ጥር የአእምሮ ሐኪሞች በሙያው ታላቅ መጽሔት ላይ ተሟገቱበት። ክለርማን «ሕመምተኛ በጥናት የተረጋገጠውን ሕክምና የማግኘት መብት አለው» አለ። ስቶን ደግሞ «የሳይንስን ክርክር ፍርድ ቤት እንዲፈታው ማድረግ አደገኛ ነው» አለ። ሁለቱም ነጥብ ነበራቸው።

፭. ልዩነቱ ምንድን ነው?

ያው ቤት ነው። ያው ዘዴ ነው። ያው ትዕግሥት ነው። ታዲያ አንዷን ያነሣ ነገር ሌላውን ለምን ጣለው?

አንዱ መልስ ሕመሙ ይለያያል የሚለው ነው። እውነት ነው። መድኃኒት የሚያስፈልገውን ድብርት በንግግር ብቻ ልግፋ ማለት የተሰበረ እግር ይዞ በጸሎት ብቻ ልሂድ እንደ ማለት ነው። ለግሪንበርግ መድኃኒቱ አልነበረም፤ ለኦሼሮፍ ነበረ።

እኔ የምጨምረው ሌላ መልስ አለ። በልጅቱ ጊዜ ሐኪሟ ከልጅቱ ትማር ነበር፤ የማይሠራውን ነገር ሕመምተኛዋ ታሳያታለች። በኦሼሮፍ ጊዜ ግን የሰውየው መባስ ራሱ የሐኪሞቹ ሐሳብ ትክክል ለመሆኑ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ቢሻለው «ሕክምናው ሠራ» ሊባል ነው፤ ቢብሰው «ጠባዩ እየተቃወመ ነው» ሊባል ነው። በምንም ነገር ሊሳሳት የማይችል ሕክምና ሕመምተኛውን መስማት አቁሟል። ከዚህ በኋላ የሚያልፈው ጊዜ ትዕግሥት አይባልም፤ ግትርነት ነው።

«እሺ፣ ግን ረጅም የንግግር ሕክምና ይሠራል ወይ?» ለሚል ሰው ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሃንስ አይዘንክ የተባለው የለንደን የሥነ ልቦና ሊቅ በ1952 «ታካሚዎቹ ቢታከሙም ባይታከሙም በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ ይሻላቸዋል» ብሎ ሙያውን አናጋው። ቁጣው ብዙ ነበር፤ ግን ውለታም ዋለ። ባለሙያዎቹ ከዚያ በኋላ ሥራቸውን በቁጥር ማሳየት ነበረባቸው።

ከብዙዎቹ ጥናቶች እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ለንደን በሚገኘው ታቪስቶክ ክሊኒክ ተደርጎ በ2015 የታተመው ነው። የተመረጡት 129 ሰዎች ድብርታቸው ቢያንስ ሁለት ዓይነት ሕክምና ተሞክሮበት አልሄድ ያለ ነበር። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ሌሎቹ በዚያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ዓመት ተኩል፣ ጥልቅ የንግግር ሕክምና ተጨመረላቸው። አንድ ዓመት ተኩሉ ሲያልቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጥናቱ እዚያ ቢቆም «ገንዘብ ማባከን ነው» ተብሎ ይዘጋ ነበር። አልቆመም። ሕክምናው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሲታዩ፣ ንግግሩን ካገኙት መቶ ሰዎች 44ቱ ከከባድ ድብርት መለኪያ በታች ወርደው ተገኙ፤ ካላገኙት ግን 10ሩ ብቻ። ሙሉ በሙሉ የዳኑት ጥቂት ናቸው፤ ከመቶ 15 ያህል፣ በሌላው ወገን 4 ያህል። የጽጌረዳ አትክልት ቦታ አይደለም። ግን ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩን አስቡት። የሕክምናው ፍሬ ይበልጥ የታየው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ለእኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ከባለሙያው ጋር የለመደውን ራስን የማየት መንገድ ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻውንም ይሠራበታል። ቋንቋ ተምሮ አገሩ ውስጥ ሲኖር እንደሚሻሻል ሰው ማለት ነው።

፮. ወደ እኛ ስንመጣ

እኛ ሐዘንን የምናስቀምጥበት ቦታ ሆዳችን ነው። «ሆዴ ውስጥ ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው» እንላለን፤ ሆደ ሰፊ የሚባል ሰው ይከበራል፤ ሆድ ሲብስ ደግሞ ሁሉም ይፈራል። ጋዲ ቤን ዔዘር የተባለ እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሱዳን በኩል በእግር ተጉዘው እስራኤል ከገቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ የጉዟቸውን ትረካ የያዘ መጽሐፍም በ2002 አሳትሟል። ሆድ ለእኛ የስሜት ማጠራቀሚያ መሆኑን ከጻፉ የውጭ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በመንገድ ላይ ወላጅ ቀብሮ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ተጠይቆ «ደህና ነኝ» ቢል ዋሸ አይባልም፤ ሆዱን ለማን እንደሚከፍት ገና አላወቀም።

ስለዚህ ረጅም መደመጥ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። የነፍስ አባት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ዕድሜ ልክ ሲያውቅህ፣ ምሥጢርህን ሲይዝልህ ምን ማለት እንደሆነ። የሥነ ልቦና ባለሙያ የነፍስ አባትን ቦታ አይተካም፤ ኃጢአት አይፈታም፣ ቀኖና አይሰጥም። የነፍስ አባትም የባለሙያውን ሥራ እንዲሠራ አይጠበቅበትም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ሰው በዚያው ቦታ ደጋግሞ መገኘቱ ነው።

በጦርነትና በመፈናቀል ስንቱ የተጎዳበት አገር ይዘን ለሁሉም ሰው በሳምንት አራት ቀን ሐኪም እናቅርብ ማለት ቅዠት ነው። ግን የተጎዳን ሰው አንድ ቀን አነጋግሮ፣ «በርቺ፣ ቻይው» ብሎ መሄድም ድጋፍ ተብሎ መጠራት የለበትም። ገንዘብ ባይኖር እንኳ ከሎጁ ታሪክ የምንወስደው አለ፤ ያው ሰው፣ በያው ሰዓት፣ ደጋግሞ ይምጣ።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ።

ለባለቤትሽ፦ ወንድሜ፣ «በነጻ አዳምጣለሁ» ማለትህ ፍቅር ነው፤ አትተወው። ግን አንተ የጉዳዩ ባለቤት ነህ። ስለ አንተ የምታወራህ ነገር ያምሃል፤ ስታለቅስ ቶሎ ዝም ልታሰኛት ትፈልጋለህ። ባለሙያው ከዚህ ነጻ የሆነ ሰው ነው፤ የሚከፈለው ለዚህ ጭምር ነው።

ለእናትሽ፦ እማማ፣ ዓመት ከሁለት ወር ረጅም መሆኑ እውነት ነው። ለአንዳንድ ቁስል ግን አጭር ነው። ደግሞም ይህን ስል እርስዎን ለመውቀስ እንዳልሆነ ይወቁልኝ፤ እናቶችን መውቀስ ምን እንዳደረገ ከላይ አይተናል።

ለአንቺ፦ «ልቀጥል ወይስ ልተወው» ከማለትሽ በፊት አራት ነገር ጠይቂ።

አንደኛ፣ ከዓመት በፊት አደርገው ከነበረው የተለየ ዛሬ የማደርገው አንድ ነገር አለ ወይ? ስሜት ይወጣል ይወርዳል፤ ሥራን ተመልከቺ። ከማን ጋር እንዴት ትጣያለሽ? እንዴት ትታረቂያለሽ? የማትፈልጊውን «አይሆንም» ማለት ጀምረሻል?

ሁለተኛ፣ ባለሙያውን «እየተሻለኝ አይመስለኝም» ብትዪው ምን ያደርጋል? ቢሰማሽና አብሮሽ ቢመረምረው ጥሩ ምልክት ነው። ቅሬታሽን ሁሉ የሕመምሽ ምልክት ካደረገው ግን ኦሼሮፍን አስታውሺ።

ሦስተኛ፣ ሌላ ሐኪም አይቶሻል ወይ? እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሰውነት እየቀነሰ ከሄደ፣ ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ይህ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። መድኃኒትና ንግግር ጠላት አይደሉም፤ አብረው ይሄዳሉ።

አራተኛ፣ ቆም ብላችሁ የምትገመግሙበት ቀን ቆርጣችኋል ወይ? በየስድስት ወሩ «ምን ይዘን ነበር፣ የት ደረስን?» የማይባልበት ሕክምና መጨረሻው አይታወቅም።

የአራቱ መልስ ጥሩ ከሆነ፣ እህቴ፣ አትቸኩዪ። ጊዜሽን አላባከንሽም።

ቼስትነት ሎጅ በ2001 ተዘጋ። ባዶውን የቆመው ትልቁ የጡብ ሕንጻ በ2009 በእሳት ወደመ፤ ግቢው ዛሬ መኖሪያ ሰፈር ነው። ፍሪዳ የኖረችባት ትንሽ ቤት ግን እድሳት ተደርጎላት አለች። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ ዞር በሉና እዩዋት።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ በሙያው ውስጥ ያላችሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ይህን ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሰው ካወቃችሁ አድርሱለት።

ቸር ይግጠመን!